አገጯን ከማየት ወር አበባዋን ጠይቋት

የጎጃም ሰዎች፣ ምነው? አገጯ ላይ ጠቆር ጠንከር ያለ ፀጉር የወጣባት ልጅ ስታልፍ ትጎሻሸማላችሁ። «ወንዳ ወንድ» ትሏታላችሁ፤ አንዱ ባለጌ ደግሞ «ማን ያገባታል?» ይጨምራል። እሷም ቤተ ክርስቲያንም ገበያም ስትሄድ ነጠላዋን እስከ ከንፈሯ ትሸፋፈናለች፤ ማታ በወረንጦ አንድ በአንድ ትነቅላለች። ይህን ሁሉ ከሚያዩት መካከል «ወር አበባሽስ በጊዜው ይመጣል?» የሚላት የለም። ነውር ነዋ!

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት የግሪክ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አብዴራ በምትባል ከተማ የነበረች ፋኤቱሳ የተባለች ሴት ተጽፋለች። ባሏ ፒቴያስ ተሰዶ ሲለያት ወር አበባዋ ቆመ፤ መገጣጠሚያዋን አመማት፤ ከዚያ ሰውነቷ የወንድ መሰለ፣ ጢም አወጣች፣ ድምጿ ሻከረ። ሐኪሞቹ የደከሙት ወር አበባዋን ለመመለስ ነበር። አልሆነላቸውም፤ ሞተች። መድኃኒቱ ባይኖራቸውም የሚጠየቀውን ያውቁ ነበር። እናንተ መድኃኒቱ ባለበት ዘመን ቆማችሁ ገና መጠቋቆሙ ላይ ናችሁ።

በ1921 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሻር እና ቲዬር የተባሉ ፈረንሳውያን «ጢም ያላቸው ሴቶች የስኳር በሽታ» ብለው ጻፉ። ጢሙና ስኳሩ የተገናኙት በአጋጣሚ አልነበረም። በ1935 ደግሞ ስታይን እና ሌቨንታል ወር አበባቸው የጠፋ 7 ሴቶችን ታሪክ አወጡ፤ ኦቫሪያቸው (እንቁላል የሚያፈራው አካላቸው) አብጦ በትንንሽ የውሃ ከረጢቶች ተሞልቶ ነበር። ከኦቫሪው ቆርጠው ቢያወጡላቸው የሁሉም ወር አበባ ተመለሰ፤ ሁለቱ አረገዙ። «መካን ናት» ብላችሁ ልጃችሁን የምታፋቱ አማቶች፣ ይህችን አንብቧት። ዛሬ ለዚህ ቢላዋ እምብዛም አያስፈልግም፤ እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርግ ክኒን አለ።

ምክንያቱ ቡዳም እርግማንም አይደለም። ማንኛዋም ሴት ጥቂት የወንዴ ሆርሞን አላት፤ ኦቫሪዋ ወይም ከኩላሊቷ በላይ ያለው እጢ ሲያበዛው ለስላሳው ፀጉር ወደ ጠንካራና ጥቁር ይለወጣል። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው፣ ስታይን እና ሌቨንታል የጻፉት ችግር ነው። ጠበሏን ማንም አይከለክላትም፤ ከጠበሉ መልስ ግን ሐኪም ቤት ትሂድ።

ሐኪሙ በዓይን ግምት አይፈርድም። ፌሪማን እና ጎልዌይ በ1961 ያወጡት፣ ኋላ የተስተካከለ መለኪያ አለ፦ ላይኛው ከንፈር፣ አገጭ፣ ደረት፣ የሆድ ላይኛውና ታችኛው ክፍል፣ የክንድ ላይኛው ክፍል፣ ጭን፣ የጀርባ ላይኛውና ታችኛው ክፍል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 36 ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜ 8ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፀጉሩ ከልክ አልፏል ይባላል። ታዲያ ልጅቷ ሐኪም ፊት ትቀርባለች ብላችሁ ፀጉሯን አጽድታችሁ አትላኳት! ከመታየቷ በፊት 5 ቀን አትላጭ፣ 4 ሳምንት አትንቀል። የደም ምርመራው የወር አበባዋ በጀመረ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን፣ በጠዋት ቢሆን ይመረጣል። የሦስት ወር መርፌ ወይም የወሊድ መከላከያ ክኒን እየወሰደች ከሆነም ትናገር፤ ውጤቱን ይለውጠዋልና። ስኳሯም ይታይ፤ በባዶ ሆድ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ በድጋሚ ምርመራም ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው።

አሁን ስለ ቅባቱ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ኮረምሉ የተባለ ፀጉር አጥፊ ክሬም ይሸጥ ነበር፤ ውስጡ ታሊየም፣ ማለት የአይጥ መርዝ ነበረው። የተቀቡት ሴቶች ነርቫቸው ተጎዳ። በኤክስሬይ ጢማቸውን ያስጠፉትም ከዓመታት በኋላ የቆዳ ካንሰር ወጣባቸው። እዚህም የምታደርጉት ከዚያ የራቀ አይደለም፦ ለማድያት ተብሎ ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለበት ቅባት ቆዳውን ያሳሳል፣ ጉንጭ ላይም ፀጉር ያበቅላል። ይህኛው ለሰለስ ያለ ነው፤ ከሆርሞኑ በሽታ ይለያል። ቅባቱን የሸጠላት ሰው ግን ለአዲሱ ፀጉር ሌላ ቅባት ይሸጥላታል።

ድንገት በጥቂት ወራት ውስጥ የበዛ ፀጉር፣ የሚጎረንን ድምፅ፣ ከግንባር የሚሸሽ ፀጉር ካያችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሆርሞን የሚያመነጭ ዕባጭ (ቱመር) ሊሆን ይችላል። በዚያው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሪፈር ይጻፍላት።

እንዲህ ድንገተኛ ያልሆነው ግን ሕክምናው ጊዜ ይጠይቃል። መጀመሪያ ብዙውን ጊዜ የወሊድ መከላከያ ክኒን ይሰጣል፤ ካልበቃ የወንዴ ሆርሞኑን ሥራ የሚገታ ስፓይሮኖላክቶን የሚባል መድኃኒት ይጨመራል። ይህን የምትወስድ ሴት ማርገዝ የለባትም፤ ወንድ ፅንስን ይጎዳል። ሜትፎርሚን ለስኳሩና ለወር አበባው እንጂ ለጢሙ ብዙ አይጠቅምም። በሁለተኛው ወር «አልሠራም» ብላ እንዳትጥለው ንገሯት፤ ፀጉሩ ሳስቶ እስኪወጣ ቢያንስ 6 ወር ይፈልጋል። እስከዚያው ብትላጭ አይወፍርም፤ የሚሻክረው ጫፉ ስለሚቆረጥ ነው። ምላጩ ግን የብቻዋ ይሁን።