ካርዱ ላይ ያለው ቀን

አንድ ወዳጄ ሜሪላንድ ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ መጠበቅ ከጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል። የሚሠራው መንግሥት በሚሰጠው ወርክ ፐርሚት፣ ማለትም በሥራ ፈቃድ ካርድ ነው። በቅርቡ አንድ ማለዳ ሱፐርቫይዘሩ ጠራውና «ወርክ ፐርሚትህ ትናንት አልፏል፤ አዲሱን እስክታመጣ ሺፍት ልሰጥህ አልችልም» አለው። ወዳጄ ብዙም አልደነገጠም። ከጃኬቱ ኪስ በፕላስቲክ የጠቀለላትን ወረቀት አወጣ። አራት ቦታ ታጥፋ እጥፋቷ ነጭ ሆኗል። የማሳደሻ ማመልከቻው መግባቱን የምትገልጸው የኢሚግሬሽን ሪሲት ናት። ያለፈው ካርዱ ሲያልቅ ያቺው ዓይነት ወረቀት ወራት አሠርታዋለች። ሱፐርቫይዘሩ አነበባትና መለሰለት። «ይህቺ አሁን አትሠራም።»

እውነቱን ነው። ለዓመታት አሜሪካ ውስጥ ካርድህ ሳያልፍ ማሳደሻ ካስገባህ ሪሲቱ ራሱ ፈቃድ ነበር። ከ2017 ጀምሮ 180 ቀን ያራዝም ነበር፤ በ2022 ደግሞ ወረፋው ሲበዛ ወደ 540 ቀን ከፍ አለ። ኦክቶበር 30 ቀን 2025 ይህ ለአብዛኛው ሰው ቀረ። ከዚያ በፊት ያስገቡ ሰዎች አልተነኩም። ከዚያ ወዲህ ያስገባ ግን፣ በሕግ የተለየላቸው ጥቂቶች ሲቀሩ፣ ካርዱ ያለፈ ቀን ሥራው ይቆማል።

መንግሥት የሚለው፣ ሰው እንደገና ሳይጣራ ፈቃዱ መራዘም የለበትም ነው። ማጣራት መብቱ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የሚዘገየው ማነው? ወዳጄ በጊዜው አመለከተ። አሻራውን ሰጠ። ክፍያውን ከፈለ። የዘገየው ቢሮው ነው፤ ደመወዙን ያጣው ግን እሱ። ይህ ትክክል አይደለም፣ ደግሜም እላለሁ። ካርዱ የመጣለት በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነው። ሥራ ቦታው ሌላ ሰው ተቀጥሮበት ጠበቀው።

በዚህ ላይ ሌላ ለውጥ መጣ። ከ2023 ጀምሮ ለጥገኝነት ጠያቂዎች፣ ጥገኝነት ለተፈቀደላቸው፣ ለስደተኞችና አገር ውስጥ ሆነው ግሪን ካርድ ለሚጠብቁ የሚሰጠው ካርድ እስከ አምስት ዓመት ያገለግል ነበር። በዲሴምበር 2025 ወደ 18 ወር ወረደ። ሒሳቡን እንሥራው። ማሳደሻ ማስገባት የሚቻለው ካርዱ ሊያልፍ 180 ቀን ሲቀረው ነው። ስለዚህ አዲስ ካርድ ይዘህ የምታርፈው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ሩጫው እንደገና ይጀምራል። «ገና አምስት ዓመት አለኝ» እያልን ካርዱን መሳቢያ ውስጥ የምንረሳበት ጊዜ አልቋል።

ታዲያ 180ኛው ቀን ሲደርስ በዚያው ቀን ማስገባት ነው። በሳምንቱ አይደለም፣ ከበዓል በኋላም አይደለም። ቀኑን ስታነቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። እኛ ቀን ነው የምናስቀድመው፤ እነሱ ወር። 03/11 የተጻፈበት ካርድ የሚያልፈው በማርች 11 ነው። ኖቬምበር ሦስት መስሏት ስምንት ወር ያለፈባት እህት አውቃለሁ።

መኒ ኦርደርም ነገር አለው። ብዙዎቻችን ከግሮሰሪ መኒ ኦርደር ገዝተን፣ ከፎርሙ ጋር ፖስታ ውስጥ ከትተን መላክ ለምደናል። የኢሚግሬሽን ቢሮው ከኦክቶበር 2025 መጨረሻ ወዲህ ቼክና መኒ ኦርደር አይቀበልም፤ በካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ ሒሳብ ነው። የማይቀበሉት ክፍያ ያለበት ፖስታ እንዳለ ይመለሳል። ድሮ ቢሆን ሦስት ሳምንት መባከን ነበር። ዛሬ የሦስት ሳምንት ደመወዝ ነው። ክፍያውም ራሱ ጨምሯል። ጥገኝነት ጠያቂ ወርክ ፐርሚት ሲያሳድስ በ2025 በወጣው ሕግ ከመደበኛው ክፍያ በተጨማሪ 275 ዶላር ተጥሎበታል።

አድራሻ የቀየረ ሰው በአሥር ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ከቤዝመንት ቤዝመንት የምንዘዋወር ሰዎች ነን፤ ለፖስታ ቤት ብቻ መናገር አይበቃም። ካርዱ በድሮው አድራሻ ከሄደ ወደ ላኪው ተመልሶ ሊቀር ይችላል።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያንገበግበኝን ልናገር። ጥገኝነታቸው የጸደቀላቸው ሰዎች ሳይቀሩ «ወርክ ፐርሚቴ አለፈ» ብለው ከሥራ ሲቀሩ አያለሁ። አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት፣ የተፈቀደለት ሰው የመሥራት መብቱ የሚመጣው ከተሰጠው ጥገኝነት ነው፣ ከካርዱ አይደለም። የሚያስፈልገው ገደብ የሌለበት ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድና እንደ መንጃ ፈቃድ ያለ መታወቂያ ነው። ኬዙ ገና ሳይወሰን የወሰደው ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ ለሥራ የሚያገለግለው ከኢሚግሬሽን ፈቃድ ጋር ብቻ መሆኑ ተጽፎበታል። ጥገኝነቱ ከጸደቀ በኋላ ግን ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዶ ያ ጽሑፍ የሌለበትን በነፃ ይወስዳል። አሠሪው ደግሞ ሕጉ ከሚቀበላቸው ሰነዶች መካከል «ይህንኑ ካላመጣህ» ብሎ መምረጥ አይችልም፤ ምርጫው የሠራተኛው ነው። ይህንን ባለማወቅ ስንት ሰው ቤት ተቀምጧል!

ይህ ነገር በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱ፣ በየማኅበሩ ቢነገር ደስ ይለኛል። ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲነገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ጠበቃ የሆኑ ልጆች አሉን፤ አንድ ቅዳሜ ይስጡን። «እኔ እሞላልሃለሁ» እያለ ብር የሚቀበለው ሁሉ ጠበቃ አይደለም። የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም ከፍትሕ ሚኒስቴሩ ፈቃድ ያለው ተወካይ ብቻ ነው። ዜግነት ያላችሁ ደግሞ ለኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮ ደውሉ። የዘገየ ኬዝ መከታተል ከሥራቸው አንዱ ነው፤ ሕጉ ያመጣውን ጉዳትም ከመራጩ አፍ ይስሙት።

የገንዘቡን ነገር በተመለከተ፣ ሁለትና ሦስት ወር ያለ ገቢ መቆየት የሚቻልበት ነገር ከወዲሁ መያዝ አለበት። የቤት ኪራይ ካርድ እስኪመጣ አይጠብቅም። እኔ ያለሁበት እቁብ ውስጥ አንዲት እህት አለች፣ ቀን ዴይኬር፣ ማታ ሬስቶራንት የምትሠራ። ባለፈው ወር ዕጣው ወጣላት። ብሩን ሳትነካ «ካርዴ በጁላይ ያልፋል፣ የጁላዩን ስጡኝና ይህንን ለሌላ አድርጉት» አለች። ዳኛው ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ደብተሩን ገልጦ ጁላይ አጠገብ ስሟን ጻፈና፣ ወደ እኛ ዞሮ «የማን ካርድ መቼ ነው የሚያልፈው?» አለ። ያን ቀን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሁላችንም ካርዳችንን አውጥተን ጠረጴዛው ላይ ቀን ስናነብ ነበር።