አደራ ብሎ መጥፋት

ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ውስጤ እየበገነ ነው።

የሰፈር ሰው ያውቀኛል። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከ13 ዓመት በታች ያሉትን የሰፈራችንን ኳስ ተጫዋቾች አግዛለሁ። አሰልጣኙ ሌላ ነው። እኔ ውሃ አመጣለሁ፣ ስም እጠራለሁ፣ ማሊያ አጥባለሁ፣ የታኬታ ክር አስራለሁ፣ የተጣላ አስታርቃለሁ። ደሞዝ የለውም፣ ጠይቄም አላውቅም። ልጆቹ 26 ናቸው። አዋቂ ግን ሁለት ብቻ ነን፣ አሰልጣኙ በሥራው ተረኛ ሆኖ የሚቀርበት ቀን ደግሞ እኔ ብቻዬን።

ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ነበርኩ። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። አንዱ ልጅ አዳልጦት በእጁ ወደቀ። አንጓው ወዲያው አበጠ። ልጁ ገና 11 ዓመቱ ነው፣ «እማዬን ጥሪልኝ» እያለ ያለቅሳል። የእናቱ ስልክ ዝግ ነው። የአባቱ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አሁንም አይነሳም። እሱን ይዤ ክሊኒክ ብሄድ 25 ልጆች ያለ ጠባቂ ሊቀሩ ነው፣ ከሜዳው ማዶ ደግሞ ሲኖትራክ የሚመላለስበት መንገድ አለ። ብቆይ ደግሞ የልጁ እጅ እያየሁት እያበጠ ነው። በመጨረሻ ጥግ ላይ ቡና የምታፈላውን ልጅ ለመንኳት፣ እሷም ጀበናዋን አውርዳ ልጆቹን ጠበቀችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

«ወጌሻ ጋ ውሰጂው» ያሉኝም ነበሩ። ወጌሻን ንቄ አይደለም። ግን የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም መዘዋወሩን ያቆምና እስከ መቆረጥ የሚደርስ ልጅ አለ። በሰው ልጅ እጅ እንዲህ አልደፍርም። ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ካርድ አወጣሁ፣ ራጅ ተነሳ፣ ተሰብሯል ተባለ። ጀሶ ተደረገለት። «እናቱ ነሽ?» ሲሉኝ ምን ልበል?

አባቱ 8 ሰዓት ገደማ መጣ። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ቃል «አደራ ብዬሽ አልነበር?» የሚል ነው። ልጁን እንኳን ገና አላየውም።

ይህቺ አደራ የምትባል ቃል በጣም እየከበደችኝ ነው። ልጁን ከመኪና አውርዶ፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ «አደራ!» ብሎ መንዳት አደራ መስጠት ነው እንዴ? ድሮ ሰው አደራ ሲል የት እንዳለ ይታወቃል፣ ሲጠሩት ይመጣል። አሁን ስልክ በእጃችን ይዘን መገኘት አልቻልንም። 4 ሰዓት ላይ ያልቃል ብዬ ለሁሉም ነግሬ፣ 6 ሰዓት ድረስ ሁለትና ሦስት ልጆች ይዤ ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ልጅ የተረሳ ሲመስለው ፊቱን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

ሌላው የሚያቃጥለኝ «የሆነ ድርጅት ሳይከፍላት አይቀርም» የሚሉት ነገር ነው። ማንም አይከፍለኝም። አንድ አባት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የመጣው አንዴ ነው፣ እሱም «የልጄን ዕድሜ 2 ዓመት ቀንሺልኝ» ሊለኝ። ፊፋ እኮ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓን አጥንት እድገት በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ ማሽን) እያየ ዕድሜ ያጣራል። ከዚያ በፊት ግን አባትየው የራሱን ልጅ ውሸት እያስተማረው ነው።

የምለምነው ብዙ አይደለም። በየቅዳሜው ሁለት ወላጅ ተራ ይግባ። ለ26 ልጅ ሲካፈል ለአንድ ቤተሰብ በ13 ሳምንት አንዴ ነው የሚደርሰው። ኳስ ማወቅ አያስፈልግም፣ ቆሞ ማየት ይበቃል። የሚነሳ ስልክ ቁጥር ሁለት ስጡኝ። ልጃችሁ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት ደግሞ አትደብቁኝ፣ አላወራም፣ ግን ልወቅ።

ልጁ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ጀሶውን እንዳሰረ መጥቼ ኮን ልደርድር ወይ ይላል። የተራውን ዝርዝር ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጥፌዋለሁ። 26 ሰው አይቶታል፣ የፊታችን ቅዳሜ ላይ እስካሁን ማንም ስሙን አልጻፈም።