ጧሪ ቀባሪ ካልሆናችሁ ባዝራዋን አትውሰዷት

በኔቫዳ፣ በኮሎራዶና በካሊፎርኒያ ከከተማ ወጣ ብላችሁ መሬት የያዛችሁ ወገኖች፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። ያረጀች የሙስታንግ፣ ማለትም የአሜሪካ የዱር ፈረስ፣ ባዝራ ከመንግሥት በትንሽ ዋጋ እንደምትሸጥ ሰምታችሁ «ምስኪን፣ አንዷን እንኳ ላድናት» የምትሉ አላችሁ። ርኅራኄያችሁን አንነቅፍም። የምንነቅፈው «አንዷን» የምትለዋን ቃል ነው።

እ.ኤ.አ. የ1971ዱ የአሜሪካ ሕግ የዱር ፈረሶችን በመንግሥት ጥበቃ ሥር አደረገ። እ.ኤ.አ. የ2004ቱ ማሻሻያ ግን ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት ያለፈውን ወይም ሦስት ጊዜ ለማደጎ ቀርበው ፈላጊ ያጡትን ለሽያጭ አሳልፎ ሰጠ። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ በማደጎ የተወሰደች ፈረስ እስከ አንድ ዓመት የመንግሥት ናት፤ የተሸጠችው ግን በዚያው ቀን የገዢዋ ናት። ገዢው ለእርድ እንደማይሸጣት ቢፈርምም፣ ሰልችቶት ጨረታ ካወጣት በኋላ በማን እጅ እንደምትወድቅ አያውቅም። የአሜሪካ የፈረስ ቄራዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ቢዘጉም የሜክሲኮና የካናዳ መንገድ ክፍት ነው።

ባዝራ ዕድሜዋን የኖረችው አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ቆማ እየጠበቀቻት ነው። ብቻዋን ብታስቀምጧት ድርቆሹን ትታ አጥር ለአጥር ትሮጣለች፣ ትጣራለች፣ ትከሳለች፤ አጥሩ እሾሃማ ሽቦ ከሆነ ደረቷን ትተለትላለች። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መንግሥት ፈረሶቹን የሚያቆይበት በረት አጠገብ ግማሽ ቀን ቁሙ። ራስና ጭራ ሆነው ዝንብ የሚከላከሉትን፣ ጋማ ለጋማ የሚተካከኩትን፣ ከአንድ ክምር ሳይራገጡ የሚበሉትን ለዩ። የአንገታቸውን ቁጥር ጽፋችሁ አብራችሁ ጫኗቸው። በአንገታቸው ግራ በኩል ያለው ነጭ ምልክት የተገመተውን የትውልድ ዓመት ይይዛል፤ ማንበብ ተማሩ።

ሒሳቡንም አሁኑኑ ሥሩ። 400 ኪሎ የምትመዝን ባዝራ በቀን የክብደቷን 2 በመቶ፣ ማለትም 8 ኪሎ ድርቆሽ ትፈልጋለች። ለምሳሌ ስድስት ባዝራዎች በዓመት 17.5 ቶን ያህል ይጨርሳሉ፤ ነፋስ የሚወስደውና እግር የሚረግጠው ሳይቆጠር። የኔቫዳ ደረቅ መሬት ይህን አያበቅልላችሁም፣ ትገዙታላችሁ። የ12 ዓመት ባዝራ በደንብ ከተያዘች 25 ዓመት ልትደርስ ትችላለች።

ሰው ላልለመደች አዋቂ ፈረስ የበረቱ አጥር ቁመት 6 ጫማ ይሁን። ለስድስት ባዝራ ስምንት ክምር ድርቆሽ አራርቃችሁ አስቀምጡ፤ አለቃዋ አንዱን ስትይዝ ደካማዋ ሌላ ታገኛለች። ድርቆሹን አኝካ፣ ጠቅልላ የምትተፋዋ ጥርሷ አልቋል፤ ተፈጭቶ የተጨመቀ መኖ በውኃ አርሳችሁ ለብቻዋ አብሏት። ሙቀት ገብቶም የብርድ ጠጉሯን ያላራገፈችውን ኩሺንግ ለሚባለው የሆርሞን መዛባት በሽታ አስመርምሯት፤ ካልታከመች ሰኮናዋ ውስጥ ብግነት ይነሳና መቆም ያቅታታል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በሰኮና ነው። በዱር ድንጋዩ ይሞርደዋል፤ በለስላሳ መሬት ግን ያድግና ይጣመማል። በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መታየት አለበት፣ ባዝራዋ ደግሞ እግሯን ለማንም አትሰጥም። ጠንካራ የብረት መተላለፊያና ማደንዘዣ የሚሰጥ የእንስሳት ሐኪም ከሌላችሁ መጦሪያ የላችሁም፤ ያላችሁ አጥር ብቻ ነው።

እኛ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ያው ሕዝብ የደከመ የጋሪ ፈረሱን አስፋልት ዳር ጥሎ ይሄዳል። ያንን ልማድ ባሕር አናሻግረው።

መሬት የሌላችሁ፣ መንጋ ሳይበትኑ የሚጦሩትን በገንዘብ አግዙ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ጠይቁ፦ የስንት ወር ድርቆሽ በመጋዘን አላችሁ? መሥራቹ ቢሞት ፈረሶቹን ማን ይረከባል? ባዝራዎችን ለሌላ ሰው አሳልፋችሁ ትሰጣላችሁ? መልሱ ከተድበሰበሰ ገንዘባችሁን ያዙ።

መቅበሩም የእናንተ ነው። ሐኪሙ ያለ ሥቃይ እንድትሞት የሚወጋት መድኃኒት ሥጋዋ ውስጥ ይቀራል፤ ከሬሳው የበላ ንስር ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የአካባቢያችሁን ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ በዕለቱ በጥልቀት ቅበሯት፣ ወይም ሬሳዋን የሚወስድ ጠርታችሁ አስነሱ። መሬቱ በብርድ ከመድረቁ በፊት፣ ለዓመቱ የማትደርስ ለምትመስለው ጉድጓዱን አስቆፍሩ። ጓደኞቿ ቀርበው ያሽትቷት፤ እነሱ ራሳቸው ዞር እስኪሉ አፈር አታልብሷት።