ሥዕሉም ይነበባል

አንድ ጸሐፊ በጽሑፋቸው «በሥዕል የሚተረኩ ልብ ወለዶች የልጆችን የንባብ ልማድ ያዳክማሉ» ሲሉ የገለጹትን ስጋት ባከብርም፣ በምሳሌነት ባነሡት በማት ፌላን «ስኖው ኋይት» (እ.ኤ.አ. 2016) ላይ የሰጡት ፍርድ፣ ማለትም የመጽሐፉ ጽሑፍ ጥቂት ነው፣ ተረቱም ተበርዟል ማለታቸው፣ የችኮላ ይመስለኛል። መጽሐፉ የጀርመናውያኑን ተረት ሰብሳቢ ወንድማማቾች የግሪሞችን ተረት፣ ምቀኛ ንግሥት በተመረዘ ፖም ልትገድላት የምትሻትን ቆንጆ ልጅ ታሪክ፣ ከጫካ አውጥቶ የ1929ኙ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት ወደመታት ኒው ዮርክ ያመጣው ሲሆን፣ አባትየው የዎል ስትሪት (የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሠፈር) ባለሀብት፣ እንጀራ እናቲቱ የመድረክ ኮከብ፣ ሰባቱ ድንክዬዎችም የጎዳና ልጆች ሆነዋል። በተረቱ ንግሥቲቱን የሚያናግራት አስማተኛው መስተዋት ደግሞ የአክሲዮን ዋጋ በቀጭን ወረቀት ላይ በሚያትም መሣሪያ ተተክቷል፤ ከዚያ ወረቀት ላይ ክፉ ምክር ሲነበብ፣ ስለ አክሲዮን ምንም የማያውቅ ልጅ እንኳ ስግብግብነትና ምቀኝነት እንዴት እንደሚመጋገቡ ይገባዋል።

ጽሑፉ ጥቂት መሆኑ አይካድም። ሆኖም ተከታታይ ገጾች ያለ አንዳች ቃል ሲያልፉ፣ ልጁ የገጸ ባሕርያቱን ዓይንና እጅ እያየ ታሪኩን ራሱ ማያያዝ አለበት፤ በደብዘዝ ባለው የውሃ ቀለም መካከል ድንገት ቀዩ ፖም ብቅ ሲል አደጋው መቅረቡን የሚነግረው ሌላ የለም።

ተረቱ ተበርዟል ለሚለው ቅሬታም፣ ግሪሞች ራሳቸው በ1812ቱ እትም ወላጅ እናት የነበረችውን ክፉ ንግሥት በ1819 እንጀራ እናት እንዳደረጓት ማስታወስ ይበቃል። እኔን ቅር ያለኝ ሌላ ነው፤ ሰባቱ ልጆች እያንዳንዳቸው ተለይተው እንዲታወቁ በቂ ገጽ አልተሰጣቸውም።