ለእንቁጣጣሽ የፕላስቲክ አበባ ማን ለመነ?

በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ግቢ የነዋሪዎች ኮሚቴ ባለፈው ሳምንት በየብሎኩ መግቢያ ማስታወቂያ ለጥፏል። በዘንድሮው እንቁጣጣሽ ልጆች አደይ አበባና ቄጤማ ይዘው ከቤት ቤት እንዳይዞሩ፣ በደረጃና በመተላለፊያ ላይ ሣር እንዳይጎዘጎዝ፣ በምትኩም እያንዳንዱ ቤተሰብ 500 ብር አዋጥቶ ኮሚቴው ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት «የበዓል ጥቅል» እንዲያድል ተወስኗል ይላል። ናሙናውን ሄጄ አየሁት። በሴሎፎን የተጠቀለለ የፕላስቲክ ቅርጫት ሲሆን፣ በውስጡ አንድ ፓኬት ብስኩትና አንድ ኩባያ አለ፤ ከላይ ደግሞ በአረንጓዴ ሽቦ የቆመ የፕላስቲክ አደይ አበባ ተሰክቶበታል።

በስብሰባው የተሰጠው ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ሣርና አበባ ግቢውን ያቆሽሻል፣ ቱቦም ይደፍናል የሚል ነው። ይህን የተናገሩት ሰው በሐምሌ ዝናብ የሦስተኛው ብሎክ ቱቦ ሞልቶ ውኃው ምድር ቤት ሲገባ አብረውን ሱሪያቸውን ሰብስበው ቆመው ነበር። ከቱቦው በአካፋ እየተዛቀ የወጣው የሃይላንድ ኮዳ፣ ፌስታልና የብስኩት ላስቲክ ነበር፤ አንድም የሣር ጉንጉን አላየንም። በዚህች ከተማ ቆሻሻ የሚለው ቃል እንደዋዛ የሚነገር ቃል አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጤማ በማግስቱ ተጠርጎ ከአጥሩ ጥግ ጉድጓድ ቢገባ በጥቂት ወራት አፈር ሆኖ ያልቃል። ሣር ቆሻሻ የሚሆነው በፌስታል ታስሮ ከማይበሰብስ ነገር ጋር ሲጣል ብቻ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሴሎፎኑ በአዋጁ ፌስታል አይባል ይሆናል፤ መድረሻው ግን ያው ገንዳ ነው፣ ከገንዳውም ያው ክምር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ አንገብግቦኛል። እውነተኛው አበባ በሦስት ቀን ይጠወልጋል፣ የፕላስቲኩ ግን ለዓመታት ይቆያል ተባለ፤ ብዙ ሰውም ራሱን ነቀነቀ። ለመሆኑ ስጦታ ዋጋ የሚያገኘው በመቆየቱ ነው ያለው ማን ነው? አደይ አበባ ክረምቱን ሙሉ በዝናብና በጭጋግ ሥር ከርሞ፣ ሰማዩ ሲገለጥ መስኩን ቢጫ አልብሶ፣ ጥቅምት ሲያልቅ ዘሩን አራግፎ ይሄዳል። አንዲት ልጅ ከበራፍ ቆማ አምስት ዘለላ ስትዘረጋልን የምትሰጠን ያንን አጭር ጊዜ ነው። በታኅሣሥ ልስጣችሁ ብትል አትችልም፤ ነጋዴም መጋዘን አስገብቶ ሊያቆይላት አይችልም። አበባው በብርጭቆ ውኃ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ቅጠሉ ጠረጴዛው ላይ ሲረግፍ፣ ተጠርጎ የሚወጣው አንድ እፍኝ የማይሞላ ነገር ነው። ቦታው ባዶ ስለሚሆንም በዓመቱ በሩ እንደገና ይንኳኳል። የፕላስቲኩ አበባ ግን ገና ሲደርስ አቧራ ይጠጣል፤ ፋሲካ ሲደርስ ቢጫው ወደ ነጭ ይገረጣል። የሚወደው የለም፤ ስጦታ ነውና የሚጥለውም የለም፤ ፍሪጅ ላይ ተቀምጦ ሁለተኛውን ይጠብቃል። የማይጠወልግ አበባ የሰጠ ሰው፣ ተመልሶ የሚመጣበትን ምክንያት አብሮ አስረክቦ ሄዷል። ጉርብትና በዚህ መንገድ እንደሚሞት ቅንጣት ጥርጥር የለኝም።

ከዚያው ከአደይ አበባ የቀሰመች ንብ ማሯን በጥቅምትና በኅዳር ትሰጣለች፤ የመስከረሙ ስጦታ የኅዳሩን ስጦታ ይወልዳል ማለት ነው። የአገራችን ዓመት እንዲህ ለሚያይ ሰው መስጫ የሌለበት ወር የለውም። በመስከረምና በጥቅምት ከገጠር የሚመጣ ዘመድ የባቄላና የአተር እሸት ይዞ ይገባል፤ እሸት ደግሞ ሳምንት ቢቆይ እሸትነቱ ያበቃል። በኅዳር ማር አለ፤ በጥር ጥምቀት ላይ ሎሚ አለ። በክረምት የጤና አዳም ወይም የበሶብላ ችግኝ በቲማቲም ጣሳ ተተክሎ ለጎረቤት ቢሰጥ፣ ጣሳው ከመጣል ይድናል፤ ቡና በተፈላ ቁጥርም ሰጪው ይታወሳል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ለአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ሊተክል አውቶቡስ ተከራይቶ የሚወጣ ማኅበረሰብ፣ ለገዛ ጎረቤቱ አንድ ችግኝ መስጠት እንዴት ሳይታሰበው ቀረ? ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ ልጆች በየደረጃው ጨፍረው ሙልሙላቸውን ተቀብለው ሄደዋል፤ ሙልሙሉ ማሸጊያ አልነበረውም፣ በማግስቱም በግቢው ውስጥ የቀረ ምልክት አልነበረም።

ማሸጊያን ካነሳን ደግሞ፣ እናቶቻችን የማይጣል ማሸጊያ ነበራቸው፤ ዛሬም አላቸው። አገልግል ለቅሶ ቤት ሄዶ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ጎረቤት ዳቦ የላከችበት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ቢያንስ ጥቂት ቆሎ ወይም ሁለት ሎሚ ይቀመጥበታል። ከቤቴ ፊት ለፊት ያሉት እማማ ባለፈው ዓመት ሽሮ የላኩበትን ክዳን ያለው ሳህን እኔ ጤፍ አድርጌበት መለስኩ፤ እሳቸው ደግሞ በጾም መያዣ ተልባ አድርገው ላኩት። ያ አንድ ሳህን ጠርዙ ላይ ሰማያዊው ቀለም እስኪለቅ ድረስ በሁለት በር መካከል ሲመላለስ ከርሟል። ኮሚቴው አንድ ዓይነት ጥቅል ለሁሉም ሲያድል ግን ማን ለማን ምን ሰጠ? ሁላችንም ለአንድ ነጋዴ ከፈልን እንጂ ማንም ለማንም አልሰጠም።

አንድ ነገር አምናለሁ። ዛሬ ዛሬ አንዳንድ ልጆች ሥዕሉን በገዛ እጃቸው ከመሣል ይልቅ በቀለም ፎቶ ኮፒ አስባዝተው እያንኳኩ ገንዘብ ይጠብቃሉ፤ ይህ ያሳዝናል። ነገር ግን መድኃኒቱ ልጁን ደብተርና ከለር ሰጥቶ ማስቀመጥ ነው፤ ከነጭራሹ በር መዝጋት አይደለም። ፎቶ ኮፒ በዛ ብሎ ፕላስቲክ የሚያከፋፍል ሰው ችግሩን አላየውም።

ስለዚህ 500 ብሩን አላዋጣም፤ ይህንንም ለኮሚቴው በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። ገንዘቡ ለችግኝ፣ ወይም ከአጥሩ ጥግ ለሚቆፈረው የሣር ጉድጓድ ከሆነ እጥፉን እከፍላለሁ፤ አካፋውንም እኔ እይዛለሁ። ማስታወቂያው ጳጉሜን ሳይገባ እንዲነሳ እጠይቃለሁ፤ ባይነሳ ግን በሬ ለሚያንኳኩ ልጆች ክፍት ነው። የአራተኛ ፎቁ ልጅ አምና የሰጠኝ ሥዕል አሁንም በቤቴ በር ጀርባ ተለጥፏል። ከደብተር የተገነጠለ ገጽ ነው፤ ቢጫውን ከለር አጥብቆ ስለተጫነው አበባው እንደ ሰም ያብረቀርቃል፤ በሥሩም የደብተሩ ሰማያዊ መስመሮች ይታያሉ። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ የአምናውን አንስቼ ለአዲሱ ቦታ አዘጋጅ ነበር። ዘንድሮ ልጁ መጥቶ እስኪያንኳኳ አላነሳውም።