ለምሰሶው ማስታወቂያ፦ ካናዳ ስንት ገባች?

ቁጥር፦ እንደ ሙጫው ውፍረት
ጉዳዩ፦ እንዲላቀቁን ስለመጠየቅ

ለተከበሩ «በስደተኝነት ካናዳና አሜሪካ እንልካለን» ማስታወቂያ
ባሉበት የመብራት ምሰሶ
ደሴ

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን (ወሎ ነውና ሁለቱንም እንላለን) ደህና ነን። «ከናፍቆትዎ በስተቀር» እንዳልልዎ፣ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በየምሰሶው አለሁ ስለሚሉን መናፈቂያ ጊዜ አልሰጡንም። የሱቄ በር ላይም አሉ። ስፍቅዎት ቀለሙ አብሮ ይላጣል፤ «100% ዋስትና» የምትለው ክፍልዎ ግን ንቅንቅ አትልም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እርስዎ ዘንድ ስደተኛ ለመሆን የሚያስፈልገው ፓስፖርት፣ ጉርድ ፎቶና ቅድሚያ ክፍያ ነው። ይህን ቅልጥፍና ሳይ በነዚያ ሕግ አውጪዎች አፈርኩ። እ.ኤ.አ. በ1951ዱ የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት መሠረት ስደተኛ ማለት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ እሳደዳለሁ የሚል በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት ያደረበት፣ ከአገሩም ውጭ ያለ ሰው ነው። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጠው ወረራንና ከባድ የጸጥታ መደፍረስን ሲጨምሩበት እንኳ «ከአገር ውጭ» የምትለዋን አልነኳትም። የእኛም የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። እርስዎ ግን ሰውየውን ሰኞ ገበያ ውሎ፣ ቤቱ ገብቶ፣ አቦሉን እየጠጣ ስደተኛ ያደርጉታል። ድንበሩን የሚሻገረው ገንዘቡ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ፣ ስማቸው ይቆይ፣ አንድ ቀን እርስዎን አስነበቡኝና «ይሄ ነገር እውነት ነው ወይ ልጄ?» አሉኝ። ልጃቸው ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። የሚሸጥ በሬ ገጠር ወንድማቸው ጋ አለ። «ውሸት ነው እትዬ» ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«መንግሥት ባይፈቅደውማ በጠራራ ፀሐይ ይለጠፍ ነበር?»

እዚህ ላይ እጅ ሰጠሁ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 692 እንዲህ ያለውን ነገር አታላይነት ይለዋል ብዬ ልከራከራቸው እችል ነበር። ግን አንቀጹ ያለው መጽሐፍ ውስጥ ነው። እርስዎ ያሉት ደግሞ መብራት ኃይል ባቆመው እንጨት ላይ። ሴትዮዋ ማንን ይመኑ?

ካናዳን እንይ። በርግጥ አምስት ሰዎች ተሰባስበው ስደተኛ የሚያስመጡበት አሠራር አላት፤ «ግሩፕ ኦፍ ፋይቭ» ይሉታል። አምስቱ ግን እዚያው የሚኖሩ ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች ናቸው። ለሚመጣው ሰው ቤቱንና ቀለቡን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር፣ የሚችሉት እነሱ ናቸው። ስደተኛውም በተጠለለበት አገር ወይም በተመድ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ስደተኛነቱ የታወቀበትን ወረቀት ማቅረብ አለበት። ከስደተኛው ገንዘብ መቀበል ለስፖንሰሮቹ ክልክል ነው። እርስዎ ጋ ሲደርስ ገንዘቡ ሽቅብ ይፈሳል። ይባስ ብሎ ካናዳ የተጠራቀመው ፋይል ቢበዛባት ከኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የነዚህን አምስቶች አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቆመች። እርስዎ ያኔ «ልዩ ቅናሽ» ጨምረው በቀለም ታተሙ!

አሜሪካም ያው ናት። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የስደተኞች ቅበላውን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። ከዚያ 125,000 የነበረውን የዓመት ጣሪያ ለእ.ኤ.አ. 2026 የበጀት ዓመታቸው ወደ 7,500 አወረዱት፤ አብዛኛው ቦታም ለደቡብ አፍሪካ ነጮች ተባለ። ጥቅልዎ ውስጥ የአፍሪካንስ ቋንቋ ኮርስ ካለ እባክዎ በግልጽ ይጻፉልን፤ ልጆቻችን ከወዲሁ ይመዝገቡ።

ደግሞ እኮ እውነተኞቹ ስደተኞች ሩቅ አይደሉም። እዚሁ ክልላችን፣ ዳባት፣ ዓለም ዋጭ ጣቢያ ያሉት ኤርትራውያን ድንበር ተሻግረዋል። የተመዱ ኮሚሽን ስም ያቀርባል እንጂ ቪዛ አይመታም፤ የመጨረሻው ቃል የተቀባዩ አገር ነው። ለአገልግሎቱም ሰባራ ሳንቲም አይጠየቅም። ያም ሆኖ በዓመት እንደ ካናዳና አሜሪካ ያለ ሦስተኛ አገር የሚደርሰው ከዓለም ስደተኞች ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እርስዎ «በ3 ወር» ይላሉ።

እስካሁን ስቀልድ ነበር። ይቺኛዋ ላይ ግን አልችልም። ሐይቅና ጃራ መጠለያ አካባቢም ታይተዋል አሉ፤ «ለተፈናቃዮች ልዩ ኮታ» ብለው። ተፈናቃይ እኮ ድንበር አልተሻገረም። ያልተሻገረ ሰው በዚህ መንገድ ኮታ የለውም። ያለው ሌላ መብት ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው፣ የአፍሪካ ኅብረት ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች ያወጣው የካምፓላ ስምምነት ወደ ቀዬው በፈቃዱ መመለስን፣ ባለበት መቋቋምን ወይም ሌላ ቦታ መስፈርን እንዲመርጥ ያዛል። ይህን የሚነግር ወረቀት በየትኛውም ምሰሶ ላይ አላየሁም። የሚመለከታቸው ቢሮዎች ሙጫ የላቸውም መሰለኝ። ባነር ግን አላቸው፤ ለስብሰባ ጊዜ፣ አዳራሽ ውስጥ። ስለዚህ ሙሉውን ጥፋት በእርስዎ ላይ አልጭንም። ባዶ ምሰሶ አገኙ፣ ተለጠፉ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ለመሄድ ከፈቀዱ መንገዱን ያውቁታል፤ ፓስፖርት፣ ጉርድ ፎቶ፣ ቅድሚያ ክፍያ። ዋስትናው የራስዎ ነው፤ በ3 ወር ውስጥ ቶሮንቶ ካልደረሱ ደግሞ ለእትዬ የበሬውን ዋጋ ይመልሱልን። ቀብዱን እሳቸው ከፍለዋል።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ሱቁ

ግልባጭ፦
ለመብራት ኃይል ምሰሶ (ለትዕግሥቱ)
ሙጫና ጊዜ ላጣው ቢሮ
ትናንት ማታ ስልክ ቁጥርዎ ላይ ለተለጠፈው «የሚከራይ ቤት አለ» (ከልብ እናመሰግናለን፤ ቢቻል ትንሽ ወደ ግራ)