የቡታጅራን ጥናት ያነበበ እንዲህ አይልም
ስለ ሚጥል በሽታ ጥናቶች የወጣውን ጽሑፍ አንብበህ «የጽሑፍ ጋጋታ ለታማሚው ምን ይፈይዳል?» ያልከው ወንድሜ፣ አልስማማም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ባይኖር፣ የሚጥል በሽታ ገጠር ውስጥ ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ላይ እንዳለ በምን እናውቅ ነበር? ጽሑፉ ግን የመጽሔት ስም ሲደረድር ሕክምናውን በአንድ መስመር አልፎታል። ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ ኪኒን ርካሽ ነው፣ ለብዙዎችም ይሠራል። ጣጣው ማቋረጡ ላይ ነው። ከጣና ማዶ በጀልባ የሚመጡት ባዶ ላስቲኩን እያሳዩ «ይህንኑ ስጪኝ» ይሉኛል፤ ካለቀ ሰንብቷል። ጸበል ሲገቡ የሚተዉትም አሉ። ድንገት ሲቆም መንቀጥቀጡ አላቆም ብሎ ሊገድል ይችላል። ጸበሉም ኪኒኑም አብሮ ይሄዳል፤ ክብሪት ማሽተቱ ግን ይቅር። እኔ የምጠብቀው ሰዉ ለምን እንደሚያቋርጥ በደንብ የሚነግረንን ጽሑፍ ነው።